ሞራ የቀመሰ ፍሪሲዮን

«ያ ጂፕ ሰው ጭኖ የአንኮበርን ዳገት ከወጣ እኔ ቀሚስ እለብሳለሁ። ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።»

ይህን ያለኝ አጎቴ ጋሼ ንጉሤ ነው፤ በራሳችን ደጃፍ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ። እናቴ ከበሩ ጀርባ ነበረች። እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች፣ መስማቷንም እሱ ያውቃል። ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ ካርዴን የተቀበልኩበት ሰሞን ነው። መልእክቱን ለማድረስ ፊቴን ማዞር ብቻ ይበቃኝ ነበር። አላዞርኩም። «ሰምታለች» አልኩት። ባለጌ ብሎኝ ሄደ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አሁን ሰሞኑን፣ በአውቶቡስ ከደብረ ሲና ሽቅብ ስንመጣ፣ ጣርማ በር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ፍሪሲዮኑን አቃጠለ። ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተቃጠለ ፀጉርና ከተቃጠለ ጎማ መሀል ያለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር ነው። መንገዱ ዳር ደግሞ አንዱ የበግ ጥብስ ይጠብሳል። ሁለቱ ሽታዎች ተቀላቅለው በመስኮት ሲገቡ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አፍንጫውን ያዘና መስኮቱን እንድዘጋ ለመነኝ። ይበልጥ ከፈትኩት። ያ ክረምት ነበር የገባው።

ጂፑ የአባቴና የጋሼ ንጉሤ ነው፤ ሊብሬው የወጣው በሁለቱ ስም ነበር። የሚሠራበት ግን አባቴ ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቆላ ሰው ሲያወርድና ሲያወጣ ኖረ፤ በተለይ ክረምት፣ ሌላ መኪና ጭቃውን ፈርቶ ሲቀር። አባቴ በጥር ሞተ፤ ሞተሩ በሚያዝያ ተነክሶ ቀጥ አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሁለቱን ሞት አንድ ላይ ነበር የሚያወራው፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ደጅ ወጥተው የጂፑን ኮፈን ከፍተው ከንፈር ይመጡ ነበር።

ጋሼ ንጉሤ ያሰበው ቀላል ነው። ጂፑን ለቁራሌው ይሸጠዋል፤ እኛን መዘዞ ወደ ራሱ ቤት ይወስደናል። የወንድሙ ሚስት ደጅ ጠናች እንዳይባል ነው እንግዲህ። መዘዞ ገብስ አለው፣ በግ አለው። እናቴ የሚስቱን ጓዳ ትሞላለች፣ እኔ በጎቹን እከተላለሁ። ማንም እንዲህ ብሎ በግልጽ አልተናገረም፤ ግን አጎቴ ለእኔ የሚሆን ዱላ ቆርጦ ጭስ ላይ እንደሰቀለልኝ ነግሮኛል፤ እንደ ስጦታ ነበር የነገረኝ። ስለ ስምንተኛ ክፍል ስጠይቀው በጎቹን አየ።

እናቴ አስካለ እንቢ አለች። በዚህ ነገር ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አንዱ መምሬ ኃይሌ ናቸው፣ የደብራችን ቄስ። ብዙ ተባለ፣ በመጨረሻ ይህ ተፈረደ፦ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ ጂፑ ከአልዩ አምባ ሙሉ ሰው ጭኖ፣ ሰው ሳይገፋው፣ አንኮበር ከወጣ የአስካለ ይሆናል። ካልወጣ ይሸጣል፣ እኛም መዘዞ እንሄዳለን። ሽማግሌዎቹ እናቴ ያቀረበችላቸውን ሽሮ አሟጠው ስለበሉ ከእኛ ወገን ናቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አጎቴም ቤት እንዲሁ አሟጠው እንደሚበሉ አላወቅኩም።

እናቴ ሌላ ሞተር አገኘች፤ ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ፣ እሱም የናፍታ። ምን ሸጣ እንደገዛችው አልነገረችኝም፤ ጆሮዋ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዶ ነው። ጂፑን አስጎትተን ደብረ ብርሃን ጋሽ ሰይፉ ጋራዥ አስገባነው። ጋራዥ ይባል እንጂ ሦስት ቆርቆሮና አንድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ነው። በዚያ ብርድ ብረቱ ጣት ይነክሳል። ጋሽ ሰይፉ ራሱ ከቱታው ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ጋቢውን በሽቦ ወገቡ ላይ አስሮ ነበር የሚሠራው።

ይህ ሰው ለእናቴ በቀጥታ ቃል አይሰነዝርም። ባሏ የሞተባትን ሴት ዓይን ለዓይን ማየት ነውር መሰለው መሰለኝ፤ ወይም ከሴት ጋር ስለ ሞተር ማውራት አፈረ። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ የሚኒባስ ሞተር ከጂፕ ካምቢዮ ጋር አይገጥምም» ይለኛል። እናቴ አጠገቡ ናት። «ለጋሽ ሰይፉ ንገሪው፣ ይግጠም» ትላለች። እኔ መሀል ቆሜ አንገቴ ዞረ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሰለቸኝና ሁለቱንም ትቼ ጂፑ ሥር ገባሁ።

አሮጌውን ሞተር በሰንሰለት ሲያወጡት አለቀስኩ። አባቴ ሁሌም ናፍታ ናፍታ ይሸት ነበር። ሞተሩ ሲወጣ እሱን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያወጡት መስሎኝ ነበር። ጋሽ ሰይፉ አየኝ። ችግሩን ያሳየኝ ያኔ ነው፣ ምናልባት ዝም እንድል።

ፍሪሲዮን እንዲህ ነው። (ይህን ስናገር የሚያርሙኝ ወንዶች አሉ፣ «ክላች በይ» የሚሉኝ። እኔ ያደግኩት በፍሪሲዮን ነው።) ሞተሩ ብቻውን ይዞራል። ኃይሉ ማርሹ ወዳለበት ሳጥን፣ ወደ ካምቢዮው፣ ከዚያ ወደ ጎማው እንዲሄድ፣ መሀል ላይ ሸራ የለበሰ እንደ ሳህን ያለ ክብ ነገር አለ። ፔዳሉን ስትረግጡ ይለቃል፣ ስታነሡ ይነክሳል። የሚኒባሱ ሳህን ከአዲሱ ሞተር ጋር ልክክ ይላል፤ መሀሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን የጂፑን ዘንግ ጥርስ አይቀበልም። የጂፑ ሳህን ደግሞ ዘንጉን ይቀበላል፣ ለሞተሩ ግን ያንሳል። ጋሽ ሰይፉ ሁለቱን መሬት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ እንደ ተካሳሽ ባለጉዳዮች አያቸው። ከዚያ የሁለቱንም መሀል መሮ ይዞ ነቀለና የጂፑን መሀል በሚኒባሱ ሳህን ላይ በሪቬት ምስማር መታው።

«እምብርቷ ይቺ ናት» አለኝ በጥፍሩ እየነካት። «የአባትሽ መኪና እምብርት አልወጣም።»

እጄን ዘርግቼ ያዝኳት። ቀዝቃዛ ነበረች፣ ጥርሷ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ከዚያ ወዲያ ለአሮጌው ሞተር አላለቀስኩም።

በማግስቱ ስንመጣ ጋሽ ሰይፉ የወይራ ዱላ ይጠርባል። ጫፉን ያሾላል፣ በመዳፉ ይለካል፣ እኔን ያያል፣ እንደገና ይጠርባል። የመዘዞው ዱላ አንሶ ሌላ ሊጨመርልኝ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ምን ሆነሻል ሲለኝ «ከመቱኝ እነክስዎታለሁ» አልኩት። ሳቁ ሳል ሆነበት። ዱላው ለሳህኑ ነበር። ቡሎኑ እስኪጠብቅ ሳህኑን መሀል ለመሀል የሚይዘው አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ትንሽ ካዘነበለ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም። እኔ ዱላውን ይዤ እሱ ቡሎኖቹን አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ እያፈራረቀ አጠበቀ። ዱላውን ስስበው በቀላሉ ወጣ። «ወንድ ብትሆኚ ኖሮ» ብሎ ጀመረና እናቴን አይቶ ተወው።

ካምቢዮው ከመግባቱ በፊት ዘንጉ መቀባት ነበረበት። የግራሶው ቆርቆሮ ሲከፈት ባዶ ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ፍልሰታ ገብቷል፣ ቀኑ እየሄደ ነው። ጋሽ ሰይፉ ወደ ጓዳ ገብቶ ከጣሪያው ላይ የተሰቀለ የበግ ሞራ ይዞ መጣ። አባቱ በደብረ ብርሃን ባለጋሪ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የጋሪ ጎማ የሚቀቡት በሞራ ነው፣ አንድ ቀንም ጎማ አልጮኸባቸውም። በዚያ ብርድ ሞራ ድንጋይ ነው፤ የነካውን ይዞ ይቀራል። ጋሽ ሰይፉ በአውራ ጣቱ እየቆነጠረ ዘንጉ ላይ ለጠፈ፣ እምብርቷ ላይ ለጠፈ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ጠቀጠቀ። አልበዛም ወይ አልኩት። «ለብረት አይሰሰትም፣ ልጅቷ» አለኝ።

ሞከርነው። የገብስ ጆንያ ጭነን ከከተማው ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ወጣን ወረድን። ጂፑ እንደ ሰጋር በቅሎ ሄደ። እናቴ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ።

የምትነዳው እሷ ናት። አባቴ ሲታመም መንጃ ፈቃድ አስወጥቷት ነበር፤ ሕዝብ ጭና ግን ማንም አላያትም። በጉዞው ጠዋት ጥቁር የሐዘን ቀሚሷን አውልቃ የአባቴን ሱሪ ለበሰች። ቀሚስ ፔዳል ላይ ይያዛል አለች። ቀሚሱን አጥፋ ከመቀመጫው ሥር ከተተችው። ሙት ዓመቱ አልደረሰም ነበር። አንኮበር ስንደርስ ጋሼ ንጉሤ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ሻይ ቤት ደጅ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሱሪዋን አየና «የወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ» አለ፤ ለእሷ ሳይሆን ለሻዩ። መምሬ ኃይሌ ለምስክርነት ከፊት ገቡ። እኔ ረዳት ነበርኩ። በሩ የእኔ ነው፣ ጩኸቱ የእኔ ነው፣ ታኮውም የእኔ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚገባውን እንጨት ማለቴ ነው።

ከጉም ውስጥ ወደ ሙቀት ወረድን። እናቴ ፔዳሉን እየረገጠች እየለቀቀች፣ ጠመዝማዛውን በዝግታ ጨረሰችው። አልዩ አምባ ስንደርስ ጋቢ አውልቀን ነበር። ገበያ ነው፤ ጂፑ ወዲያው ሞላ። እማማ ዘሀራም ገቡ፤ በርበሬ እያወጡ የሚሸጡ፣ የአባቴ የጥንት ደንበኛ። እናቴን መሪው ላይ ሲያዩ «ማሻአላህ፣ ዛሬስ በሰላም ነው የምንወጣው፣ ያኛው ያፈጥነው ነበር» አሉ።

የመጀመሪያውን ዳገት ወጣን። ሁለተኛው ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን ቀስ አለ። እናቴ ነዳጅ ሰጠች፤ ይበልጥ ጮኸ፣ ይበልጥ ቀስ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ዘልዬ ታኮ አስገባሁ። ያኔ ነው ሽታው የመጣ። ፍሪሲዮን ብቻ አይደለም። ጥብስ ነው። የሰባ የበግ ጥብስ።

ጂፑ ውስጥ ሰዉ ሁሉ አፍንጫውን ቀና አድርጎ አሸተተ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው ነው የተጫነው። መምሬ ኃይሌ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ዞሩ፤ በፍልሰታ ሥጋ የያዘ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሰዉ የየራሱን ጥቅል እየፈታ አሳየ። ከዚያ ዓይኑ ሁሉ እማማ ዘሀራ ላይ አረፈ።

«ምን ታዩኛላችሁ» አሉ። «ሥጋ ብይዝ አልደብቅም፣ ጾሙ የናንተ ነው።» ከዚያ ወርደው፣ ጎንበስ ብለው ከጂፑ ሥር አሸተቱ። «ከዚህ ነው። ወላሂ የሙክት ሞራ ነው።»

ያኔ የጋሽ ሰይፉ አውራ ጣት ታየኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ድንጋይ የነበረው ሞራ በቆላው ሙቀትና በሞተሩ ግለት ቀልጦ፣ ከዘንጉ ወደ ሳህኑ ፈሶ፣ ሸራው ላይ እየተጠበሰ ነበር። ቅባት የጠጣ ሸራ አይነክስም። ለእናቴ ነገርኳት። ምን ያህል ነበር የቀባው አለችኝ። ዓይኔን ስታይ መልሱን አልጠበቀችም።

ወንዶቹ ሊገፉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወረዱ። መምሬ ኃይሌ እጃቸውን ዘረጉ፤ መገፋት የለበትም ተብሏል፣ ከተገፋ እሳቸው ውሸት አይመሰክሩም። አንዱ ከኋላ «ታዲያ ወይ ይግቡና ይጸልዩበት» አለ። እናቴ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ታያለች። ከዚያ ወዲያ ያለው መዘዞ ነው። ጭስ ላይ የተሰቀለው ዱላ አብሮኝ ያደረ ያህል ሸተተኝ።

«አመድ» አሉ እማማ ዘሀራ። «ሞራ የያዘውን ድስት በምን ታጥቢያለሽ? የተነፋ አመድ ይምጣ፣ ከሰል የሌለበት።»

እናቴ ቀና አለች። መንገዱ ዳር ወዳሉት ቤቶች እማማ ዘሀራ ራሳቸው ተጣርተው፣ አንዲት ሴት በቁና ይዛ መጣች። እናቴ መምሬን አየቻቸው። መምሬ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አውርደው ትንሽ አሰቡ።

«አስካለ» አሉ፣ ለእሷ፣ በስሟ። «አመድ መግፋት አይደለም።»

በሞተሩና በካምቢዮው መገጣጠሚያ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ክዳን አለች። ጋሽ ሰይፉ ሲገጥማት ቡሎኑን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ የእኔ ትንሽ እጅ ብቻ ስለሚገባ። በጀርባዬ ጭቃው ላይ ተኝቼ ፈታኋት። ቀልጦ የተጠራቀመው ሞራ አንገቴ ሥር ፈሰሰ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በጨርቅ የደረስኩበትን ሁሉ ጠረግኩ። ከዚያ እናቴ ሞተሩን አስነሥታ፣ ማርሽ አስገብታ፣ ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ለቀቀች፤ ጎማዎቹን ከሁለቱም በኩል በድንጋይ አግደናል። እጅሽን እንዳታስገቢ፣ ከሩቅ ወርውሪ ብላኛለች። አመዱን በጣሳ ወረወርኩ። ሳህኑ ተፋብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና ወረወርኩ። የአመድና የጥብስ ጭስ ከላዬ ወጣ። አንድ ሰው ከላይ «ልጅቷ ተቃጠለች እንዴ» ይላል። አልመለስኩም፣ አፌ አመድ ሞልቶት ነበር። ጩኸቱ መወፈር ጀመረ። ጂፑ ከላዬ እንደ ሰው ትከሻ ነቅነቅ ሲል፣ ነከሰ።

ከሥሩ ወጥቼ፣ የወረዱት ሁሉ ተመልሰው ሲገቡ ድንጋዮቹን አንሥቼ በሩ ላይ ተንጠለጠልኩ። ሄድን። አንዱ ጠመዝማዛ ላይ እንደገና ላላ፤ የተረፈውን አመድ ይዤ እንደገና ገባሁ። ጉሙ ውስጥ ስንገባ ብርዱ መጣ፣ በብርዱ ጥብሱ ጠፋ። መምሬ ኃይሌ ከዚያ ወዲያ እስከ ላይ ድረስ በከንፈራቸው ሲጸልዩ ነበር፤ ለጂፑ ይሁን ለጾሙ አልጠየቅኩም። እማማ ዘሀራ በየመታጠፊያው «አይዞሽ አስካለ» ይላሉ።

አንኮበር ሻይ ቤቱ ደጅ ቆምን። ታኮ አስገባሁ። መምሬ ኃይሌ ወርደው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ሰው አልገፋውም» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሥተው ምርቃት ጀመሩ። ጋሼ ንጉሤ አልተነሣም፤ ስኳሩ የሟሟ ሻይ ያማስላል። እናቴ ሞተሩን አላጠፋችም፣ ከመሪውም አልወረደችም። ፊቴና ፀጉሬ አመድ፣ አንገቴ ሞራ ነበር። ጋሼ ንጉሤ በጣቱ ጠራኝ።

«ለእናትሽ ንገሪያት» አለኝ። «የሆነው ሆኗል። ግን ሴት ናት፣ ይህን መንገድ ብቻዋን አትዘልቀውም። ሹፌር እኔ እፈልጋለሁ፣ እሷ ቤቷ ትቀመጥ።»

እናቴ ትሰማለች። ሽማግሌዎቹ ምርቃታቸውን አቁመው እኔን አዩ። ወደ ጂፑ ተመለስኩ፣ ከመቀመጫው ሥር ጥቁሩን ቀሚስ አወጣሁ። እናቴ እጄን አየች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ወስጄ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀሚስ ነው» አልኩት። «እናቴ ሱሪ ለብሳለች።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢው ውስጥ አሳለ። ከኋላ ጎማው ሥር ታኮዬን መዝዤ ብብቴ ውስጥ ከተትኩና ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እናቴ ፔዳሉን ቀስ አድርጋ ለቀቀች፣ ሄድን።